የፓርላማ ጥናቴን ገንዘብ እንዴት አገኘሁ፣ የት የት ተሳሳትኩ

በየወሩ አንድ ሁለት ሰው ይደውልልኛል። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ወጣቶች ናቸው። ስለ ምክር ቤት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ዲሞክራሲያዊ አስተዳደር ዶክትሬት መሥራት ይፈልጋሉ። የሁሉም ጥያቄ ያው ነው፤ «ገንዘቡን ከየት አገኘሽው?» በስልክ ጀምሬ የጨረስኩለት ሰው የለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ ከመጀመሪያው ማመልከቻ እስከ መመረቂያው ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እናንተ ቢያንስ ሁለቱን ዓመት ብታተርፉ ደስ ይለኛል።

የጀመርኩት በ2009 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ፕሮፖዛሌ ርዕስ «ፓርላማና ዲሞክራሲ በኢትዮጵያ» ነበር። ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ይነሳል። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ሁለት ምክር ቤቶች ያነሳል፤ የሕግ መወሰኛውንና የሕግ መምሪያውን። በደርጉ ብሔራዊ ሸንጎ በኩል አልፎ፣ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ይዞ፣ ዛሬ ላይ ይደርሳል። አርባ ምናምን ገጽ ነው። ስጽፈው በጣም ኮርቼበት ነበር።

ለአራት ቦታ ላክሁት። ከሦስቱ መልስ አልመጣም። አራተኛው ግን አንድ መስመር ጻፈልኝ። «ምን ማወቅ እንደፈለግሽ ከጽሑፉ መረዳት አልቻልንም» ይላል። ያን ቀን አለቀስኩ። ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ነው፣ ሰው ስለሌለኝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዛሬ ያንን ፕሮፖዛል ሳነበው ግን መላሹ ልክ ነበር። እኔም ምን ማወቅ እንደፈለግሁ አልገባኝም ነበር።

በዚያ ላይ ሁለተኛ ስህተት ጨመርኩበት። አንድ ወዳጄ «ፈንድ የሚሰጡ ሰዎች ንጽጽር ይወዳሉ» አለኝ። ወዲያው ኬንያንና ጋናን ጨመርኩ። የጋና ምክንያቴ መጥፎ አልነበረም። እዚያ የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረውን የምክር ቤት ኮሚቴ (የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ) የሚመራው ከገዥው ፓርቲ ውጭ የሆነ አባል ነው። ምክር ቤት የመንግሥትን ሒሳብ እንዴት እንደሚቆጣጠር ለሚያጠና ሰው ግሩም ንጽጽር ነው። ግን አክራ ሄጄ አላውቅም። የማውቀው ሰው የለም። አውሮፕላኑን፣ ቤቱን፣ የምርምር ፈቃዱን አስልቼ አላውቅም። ገምጋሚዎች ይህን በአንድ እይታ ነው የሚለዩት። ሦስት አገር ጽፋችሁ ለአንድ አገር የሚበቃ በጀት ካቀረባችሁ ሁለቱን ለማሳመር እንዳስገባችኋቸው ያውቃሉ። ንጽጽር ከፈለጋችሁ ከቤታችሁ ሳትወጡ የምታገኙትን ተጠቀሙ። የኬንያ ፓርላማ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። የአፍሮባሮሜትር የሕዝብ አስተያየት ዳታም ኢትዮጵያን ጨምሮ በነፃ ይወርዳል።

ሦስተኛው ስህተቴን ሳስታውስ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ኒው ዮርክ ያለው የሶሻል ሳይንስ ሪሰርች ካውንስል ለአፍሪካ የዶክትሬት ተማሪዎች የሚሰጠው ፌሎሺፕ (የጥናት ድጋፍ) ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ማመልከቻውን ሠራሁ። ለመላክ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የአመልካቾችን መስፈርት በደንብ አነበብኩ። የተፈቀደው በጋና፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በታንዛኒያና በዩጋንዳ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሠሩ ነው። ኢትዮጵያ የለችበትም። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም እንደዚሁ ነው፤ አገራችን የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች አይመለከተንም። እባካችሁ፣ ከምንም ነገር በፊት «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን ክፍል አንብቡ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አገር ውስጥም በሩ ጠባብ ነበር። ያን ጊዜ የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ይሠራ ነበር። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በዲሞክራሲና በአስተዳደር ጉዳይ ላይ መሥራት አይችልም ነበር። የጀርመኑ ሃይንሪሽ ቦል ፋውንዴሽን በዚህ የተነሳ በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያለውን ቢሮውን ዘግቷል። ስለዚህ አንድ አገር በቀል ድርጅት ጋ ሄጄ «አብረን እንሥራ» ስል፣ ሰዎቹ ልባቸው እየፈለገ እጃቸው ታስሮ ነበር። አዋጁ በ1113/2011 ከተተካ በኋላ ነገሩ ተለውጧል። አሁን የምታመለክቱ ሰዎች በዚህ በኩል ከእኔ የተሻለ ዕድል አላችሁ።

ነገሩን የለወጠልኝ አንድ አዛውንት ናቸው። በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ለረጅም ዓመታት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አራት ኪሎ ሻይ ቤት ተቀምጠን አርባውን ገጽ አሳየኋቸው። ሁለት ገጽ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄ የኔና ያንቺ ዕድሜ አይበቃውም። እስቲ ዲሞክራሲውን ትንሽ ተይውና፣ ፓርላማ ውስጥ ያየሽውና እንቅልፍ የነሳሽ ነገር ምንድን ነው?»

አሰብኩ። በቴሌቪዥን ያየሁት የኦዲት ውይይት ትዝ አለኝ። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስላልተወራረደ ሒሳብ ሲጠየቁ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ያንን ነገርኳቸው።

«በዓመቱስ? ያው መሥሪያ ቤት ያንኑ ግኝት ይዞ ሲመለስ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተመለሰ? እሱን አጥኚ።»

ሻዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። እቤት ገብቼ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። ዋናው ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ቋሚ ኮሚቴው መሥሪያ ቤቱን ጠርቶ ይጠይቃል። ከዚያስ? የትኛው ግኝት ይስተካከላል፣ የትኛው በዓመቱ ይመለሳል፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ምንድን ነው? ይኼው ነው። ሙሉ የዶክትሬት ጥናቴ ከዚህ አንድ አንቀጽ ወጣ። አርባው ገጽ አሥራ ሁለት ሆነ።

ይህን ለምን አስረዘምኩት? ገንዘብ ሰጪዎች ለዲሞክራሲ ያላችሁን ፍቅር አይመዝኑም። የምትፈልጉት ሰነድ የት እንደሚገኝ፣ ማንን እንደምታናግሩ፣ በስንት ወር እንደምትጨርሱ ነው የሚያዩት። ጥያቄው ሲጠብ በጀቱም፣ የጊዜ ሰሌዳውም፣ ዘዴውም ራሱ ይመጣል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘቡን ነበር የማሳድደው። ጥያቄዬን ባገኘሁ በስምንት ወር ውስጥ ገንዘቡ መጣ።

እርግጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ገጥሞኛል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ «547ቱም መቀመጫ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ የተያዘበትን ምክር ቤት ስለ ቁጥጥር ማጥናት ምን ይፈይዳል?» ብሎ ጻፈ። የ2007ቱ ምርጫ ውጤት እንደዚያ ስለነበር ጥያቄው ተገቢ ነበር። በቁጣ መመለስ አማረኝ። አንድ ሳምንት አሳደርኩት። ከዚያ እንዲህ ብዬ መለስኩ፤ ተቃዋሚ በሌለበት ምክር ቤት ውስጥ እንኳ አንዳንዱ ኮሚቴ አፋጦ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ አመስግኖ ይሸኛል። ፓርቲያቸው አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ይህን ማወቅ ለሌሎች ብዙ አገሮችም ይጠቅማል አልኩ። ያ መልስ ነው ያሳለፈኝ ብዬ አምናለሁ። የአገራችሁን ምክር ቤት ድክመት በፕሮፖዛላችሁ ውስጥ አትደብቁ። ገምጋሚው ያውቀዋል። እናንተም እንደምታውቁት ይይ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ገንዘብ ከአንድ ቦታ የመጣ አልነበረም። ዋናው ከጀርመን የተገኘ ስኮላርሺፕ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ትንንሽ ድጎማዎች፣ የዩኒቨርሲቲዬ ደሞዝ፣ በኋላም የእናቴ እቁብ ተጨመሩበት። በዚህ ዘርፍ የሚሠራ ሰው ከአንድ ቋት ሁሉን አገኛለሁ ብሎ ባይጠብቅ ይሻላል።

የት መፈለግ እንዳለባችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት ዳአድ (DAAD) የዶክትሬት ድጋፍ አለው፤ በእኔ ጊዜ ለዶክትሬት ተማሪ በወር 1,200 ዩሮ ይከፍል ነበር። ጀርመን አገር ዩኒቨርሲቲ የተመዘገባችሁ ከሆነ ደግሞ የፖለቲካ ፋውንዴሽኖቹን ሞክሩ። ፍሪድሪሽ ኤበርት፣ ኮንራድ አደናወር፣ ሃይንሪሽ ቦል ሁሉም ለውጭ አገር ተማሪዎችም ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ከውጤት ሌላ በማኅበረሰብ ውስጥ ያላችሁን ተሳትፎ አጥብቀው ይጠይቃሉ። የዕድር ጸሐፊነት፣ የተማሪዎች ክበብ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ ካላችሁ አትናቁት፣ ጻፉት። ዳካር ያለው ኮዴስሪያና ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው ኦስሪያ ለአፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች የቆሙ ድርጅቶች ናቸው፤ ማስታወቂያቸውን ተከታተሉ። ፉልብራይት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕም አለ። አሜሪካ የምትኖሩና ኮንግረሱን የምታጠኑ ልጆች ደግሞ የዲርክሰን ኮንግሬሽናል ሴንተርን እዩ። እስከ 3,500 ዶላር የሚደርስ የምርምር ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። ገንዘቡ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አንድ የመዝገብ ቤት ጉዞ ይሸፍናል። ትንሽ ድጎማ ማግኘት ደግሞ ትልቁን ሲያመለክቱ ይመሰክርላችኋል። የማንኛውም ቦታ ሁኔታ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ የዓመቱን ማስታወቂያ ሳታዩ አትጀምሩ።

ስለ ድጋፍ ደብዳቤ አንድ ነገር ልበል። አመልካች የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ለምስክርነት ትልቅ ስም ያለው ሰው አትምረጡ፤ የሚያውቃችሁን ሰው ምረጡ። እኔ መጀመሪያ ለአንድ ታዋቂ ምሁር ነበር የለመንኩት። ሦስት መስመር ጻፉልኝ። ሁለተኛው ጊዜ የማስተርስ አማካሪዬን ጠየቅኩ። ሁለት ገጽ ጻፉ፣ የሠራሁትን ስህተትና ያረምኩበትን መንገድ ጭምር። የመሥሪያ ቤታችሁን ደብዳቤ ደግሞ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምሩት። ኃላፊው መስክ ይወጣል፣ ማኅተም ያዡ ፈቃድ ትሆናለች፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይቀራል። የእኔ አንዱ ማመልከቻ በማኅተም ምክንያት ቀኑ አልፎበታል።

ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ከሆነ የትምህርት ፈቃድ ውሉንም ተረጋግታችሁ አንብቡት። ዋስ ትጠራላችሁ፤ ስትመለሱ የምታገለግሉት ዓመት ይጻፋል። እኔ ዋስ ያደረግሁት አጎቴን ነው። የውጭ ስኮላርሺፕ ሳገኝ ደሞዜ ይቀጥል አይቀጥል እንደሆነ ሳልጠይቅ ፈረምኩ። ለአምስት ወር ተቋርጦብኝ ነበር። ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

አሁን ወደ መስክ ሥራው ልምጣ። እዚህ የሠራሁት ስህተት ገንዘብ አስከፍሎኛል። የስኮላርሺፑ ገንዘብ የተለቀቀው በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወዲያው አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ምክር ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ማንም የለም። ፓርላማን አጠናለሁ የምለው ሰው የፓርላማውን ካላንደር አላየሁም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ላይ በግልጽ ተጽፏል። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። በክረምት አባላቱ የሉም፤ ብዙዎቹ ወደየምርጫ ክልላቸው ይሄዳሉ። የሦስት ወር ኪራይ ከፍያለሁ።

ተኝቼ ግን አላለፍኩትም። ክረምቱን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አሳለፍኩ። የድሮ ነጋሪት ጋዜጦችን አገላበጥኩ። በኋላ የጥናቴ ሁለተኛ ምዕራፍ የሆነው ያ ነው። የእናንተን የጊዜ ሰሌዳ ግን እንዲህ ሥሩ፤ ክረምቱን ለሰነድ፣ ከጥቅምት በኋላ ያለውን ለቃለ መጠይቅ። ገንዘብ ሰጪው በሐምሌ ጀምሩ ቢላችሁ፣ አንቀጽ 58ን ጠቅሳችሁ ደብዳቤ ጻፉ። ብዙዎቹ ይረዳሉ። እንዲያውም ጉዳዩን እንደምታውቁት ያያሉ።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የአንድ ኮሚቴ ባልደረባ የሆኑ ሰው ደብዳቤዬን አይተው ቀና አሉ።

«እህቴ፣ ማን ነው የሚከፍልሽ?»

ደነገጥኩ። «ዩኒቨርሲቲ ነው» አልኩ። ሙሉ እውነት አልነበረም። የስኮላርሺፑን ነገር ከሌላ ሰው ሰሙ። ሁለት ወር ሙሉ ቢሯቸው አልገባሁም። ቀጠሮ ይሰጡኛል፣ ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የሚደበቅ ነገር አልነበረኝም። በአገራችን «የውጭ ገንዘብ» እና «ዲሞክራሲ» የሚሉ ቃላት አብረው ሲመጡ ሰው ይጠራጠራል፤ ለጥርጣሬውም ታሪክ አለው። ያንን ፈርቼ ነው የሸፈንኩት። በታኅሣሥ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፍኩ። ማን ገንዘብ እንደሰጠኝ፣ ስንት እንደሆነ፣ ገንዘብ ሰጪው ጽሑፌን ከመታተሙ በፊት አይቶ የማስተካከል መብት እንደሌለው፣ የማገኘው ዳታ የት እንደሚቀመጥ። ለሰውየው ይዤ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቆመው አነበቡት። «ይሄን መጀመሪያ ብታመጪው ኖሮ» አሉ። በማግሥቱ የሦስት ዓመት የኮሚቴ ሪፖርት እንዳነብ ወንበር ሰጡኝ።

ስለዚህ ያንን አንድ ገጽ ከመጀመሪያው ቀን ያዙ። የገንዘብ ውላችሁንም ስትፈርሙ የጽሑፉ ነፃነት የእናንተ መሆኑ እንደተጻፈ አረጋግጡ። ካልተጻፈ ጠይቃችሁ አስጽፉ። ፓርላማ የሚያጠና ሰው ያለው ትልቁ ሀብት መታመን ነው፤ ከጠፋ የትኛውም ግራንት አይገዛውም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። ከ38 ቃለ መጠይቅ ገና 21 ላይ ነበርኩ። ሁሉም ተዘጋ። ምርጫው ተራዘመ፣ የምክር ቤቱም ዘመን አብሮ ተራዘመ። ብዙ ጓደኞቼ ያኔ ዝም አሉ፤ ገንዘቡ እስኪያልቅ ጠበቁ። እኔ በዚያው ሳምንት ለገንዘብ ሰጪው ጻፍኩ። ምን እንደሠራሁ፣ ምን እንደቀረ፣ ስንት ገንዘብ እንደተረፈ በሠንጠረዥ አስቀመጥኩ። የጉዞውን በጀት ወደ ስልክ ወጪና የተቀዳውን ቃለ መጠይቅ በጽሑፍ ወደ ማስገልበጫ እንዳዞር ጠየቅኩ። ፈቀዱ፤ ስድስት ወርም ጨመሩልኝ። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ እናንተ ንገሯቸው።

ከዚያ በኋላ ግን ጽሑፉ ገንዘቡን ቀደመው ማለት አልችልም። ገንዘቡ አለቀ፣ ሁለት ምዕራፍ ቀረ። እናቴ እቁቧ ሲደርሳት ሙሉውን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ጨርሺና አርፈን እንተኛ» አለችኝ። ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ እናት የለውም። ስለዚህ በጀታችሁ ላይ የመጻፊያ ጊዜን ለብቻው አስገቡ። ቢያንስ ስምንት ወር። ብዙ አመልካች የመስክ ሥራውን ብቻ ያሰላና መጻፍ በነፃ የሚሠራ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኔ በኋላ ከመጡት ያየሁት። በጀታችሁን በምን ገንዘብ እንደምትይዙት አስቡበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ የማማክረው ልጅ ድጎማውን በብር ተዋውሎ ነበር። ለመቅጃ መሣሪያና ለሶፍትዌር ያሰበው ገንዘብ ግማሹን እንኳ አልገዛለትም። ሌላዋ በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በእርዳታው ከሚደገፍ ፕሮጀክት ይከፈላት የነበረው ቆመባት። የአስተዳደርና የዲሞክራሲ ሥራ ላይ የነበሩ ብዙ ፕሮጀክቶች ያኔ ተቋርጠዋል። ሁለተኛ ማመልከቻዋን ቀደም ብላ አስገብታ ስለነበር ነው የተረፈችው። ስኮላርሺፕ ስታገኙ ማመልከት አታቁሙ።

መመረቂያ ጽሑፌን በ2015 ዓ.ም. ተከላከልኩ። በወሩ የሃያ ገጽ አማርኛ ማጠቃለያ አዘጋጅቼ ለዚያ ኮሚቴ ወሰድኩ። ያ «ማን ነው የሚከፍልሽ» ያሉኝ ሰው አሁንም እዚያው ነበሩ። የምስጋናውን ገጽ ገልጠው የገንዘብ ሰጪዎቹን ስም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ለአባላቱ በሙሉ የሚሆን ኮፒ ጠየቁኝ። የያዝኩት አምስት ብቻ ነበር። የማሳተሚያ ወጪ በጀቴ ውስጥ አልነበረም። እናንተ ያዙበት፤ አንድ ሁለት መቶ ኮፒ የሚያሳትም። እኔ የቀረውን ሐሙስ አሳትሜ አደርሳለሁ ብዬ ወጣሁ፤ አደረስኩም።